ያልተሰበረው ጀሶ

ቱንቢ ነፋስ ከሌለ አይወዛወዝም። ገመዱን ከላይ አስረህ ስትለቀው ብረቱ ጥቂት ይዞራል፣ ከዚያ ይረጋል። ቱንቢዋ ከረጋች በኋላ ግድግዳው ጠሟል ካለችህ ጠሟል ማለት ነው፤ ክርክር የለም። እኔ ከአርባ ዓመት በላይ በዚህች ብረት ስሠራ አንድ ቀን ዋሽታኝ አታውቅም። ስለዚህ የትምህርት ቤቱን አጥር በምገነባበት በዚያ ረፋድ፣ ቅጠል በማይንቀሳቀስበት አየር ቱንቢዬ ብቻዋን ወዲያ ወዲህ ማለት ስትጀምር መጀመሪያ የተቆጣሁት በእሷ ላይ ነበር።

ቀጥሎ ከእግሬ በታች ከባድ መኪና ያለፈ የሚመስል ጉርምርምታ መጣ። በመንገዱ ላይ መኪና አልነበረም። ገና ጭቃው ያልያዘው አንድ ድንጋይ ከአጥሩ ላይ ተንከባለለ፣ ውሾች በየአቅጣጫው ጮኹ፣ ከዚያ ሁሉም ነገር ጸጥ አለ። ቱንቢዋም ረጋች።

ማን እንደሆንኩ ለማያውቅ ሰው ልናገር። መካነ ሰላም ውስጥ የማያውቀኝ ጥቂት ነው። ትምህርት ቤት ተቀምጬ አላውቅም። ፊደል የለየሁት ቤት ስለስን ግድግዳ ላይ ተለጥፈው ካገኘኋቸው ጋዜጦች ነው። ሌላው ግንበኛ ጭቃውን ዝም ብሎ ይመርግባቸዋል፤ እኔ ግን አንብቤ ሳልጨርስ አልሸፍናቸውም ነበር። ሥራዬ በዚህ ምክንያት ይዘገይ ይሆናል፣ ዕውቀቴ ግን አልዘገየም። ግንበኝነትንም ያስተማረኝ የለም። ሰው የሠራውን እያየሁ፣ ስህተቱን እየለየሁ፣ በራሴ ጭንቅላት ደረስኩበት። ከኩታበር የመጡ ግንበኞች የማዕዘን አያያዜን ቆመው አይተው ሄደዋል። ዲግሪ የያዙ ልጆች፣ "ይህን ማን ነደፈው?" ሲሉኝ ግንባሬን በጣቴ መታ መታ አድርጌ አሳይቻቸዋለሁ። የእኔ ግድግዳ አይሰነጠቅም። ይህ በሰፈራችን ምርቃት እስከ መሆን ደርሶ ነበር፤ ሽማግሌዎች ሙሽራና ሙሽሪት ሲመርቁ፣ "እንደ እሱ ግድግዳ ያጽናችሁ" ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

እንግዲህ ይህ ስም ነው የተሰነጠቀው። እንዴት እንደተሰነጠቀ ልጻፍ።

ወደ ዓባይ በሚወርደው ቆላ አንድ ድርጅት ነዳጅና ጋዝ ፍለጋ ይቆፍር ነበር። ከሚቆፈረው ጉድጓድ የሚወጣው አብዛኛው ነዳጅ አልነበረም፤ ጨው ጨው የሚል፣ የሚሸት ውሃ ነበር። መጀመሪያ ወደ ወንዝ ሊለቁት አሰቡ። የቆላው ሰው፣ "ከብታችን የት ይጠጣ?" ብሎ ተነሣባቸው። ከእኛ ሰፈር በታች ደግሞ፣ በወግዲ መንገድ በኩል፣ ቀድሞ ቆፍረውት ምንም ያላገኙበት ጥልቅ ጉድጓድ ነበራቸው። ውሃውን በቦቴ እያመጡ፣ በፓምፕ ግፊት እየገፉ፣ እዚያ ከመሬት በታች ሊቀብሩት ወሰኑ። ለዚያ ደግሞ ቦቴዎቹ በእኛ መካከል ማለፍ ነበረባቸው፤ በሰፈሩ የሚያሳልፍና የማያሳልፍ ደግሞ ቅሬው ነው።

ቅሬያችን እስላሙንም ክርስቲያኑንም ይዞ ሬሳ ያነሣል፣ ጠበኛ ያስታርቃል። ዳኛው እኔ ነኝ። በቅሬ ፊት ዋስ የሆነ ሰው ቃሉ ከታጠፈ ጎረቤት እሳት አያቀብለውም።

የድርጅቱ ኢንጂነር በግቢዬ ባለችው አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይኖር ነበር። የአዲስ አበባ ልጅ ነው፣ ትሑት። "አባባ" ይለኛል፣ እኔም "ልጄ" እለዋለሁ። ወባ ከቆላ ይዞት ሲመጣ ባለቤቴ አጥሚት እያጠጣች አስነሣችው። በግድግዳዬ ላይ እጁን እያሳለፈ፣ "አባባ፣ እርስዎ ዩኒቨርሲቲ ቢገቡ እኛ ሥራ አናገኝም ነበር" ይለኝ ነበር። እውነቱን ነው ብዬ ዝም እላለሁ።

ቅሬው በዕቃ ቤቱ ደጃፍ ሲሰበሰብ ጎረቤቴ ሐጂ ተነሡና ኢንጂነሩን ጠየቁት። "ይህ ውሃ መሬት ውስጥ ገብቶ ምን ይሠራል?"

"ምንም አይሠራም ሐጂ። ከመሬት ወጣ፣ ወደ መሬት ይመለሳል።"

ሐጂ ጺማቸውን ይዘው ወደ እኔ ዞሩ። እኩያሞች ነን፤ አንተ እንባባላለን። "አያ፣ አንተ ምን ትላለህ? የአገሩ ሁሉ ሊቅ አንተ ነህ።"

"እኔ ዋስ ነኝ" አልኩ። ቆሜ ነው ያልኩት። ደግሜም አልኩት።

ቦቴዎቹ መጡ። ብዙም ሳይቆይ ያ በትምህርት ቤቱ አጥር ላይ ቱንቢዬ የተወዛወዘችበት ረፋድ መጣ። ከዚያ በኋላ ሌላ ቀን፣ ባለቤቴ ጥሬ ስትለቅም ሰፌዱ ላይ ያለው ሽምብራ ዘለለ። በሦስተኛው ጊዜ በእንግዳ መቀበያ ክፍሌ፣ ከመስኮቱ ጥግ እስከ ጣሪያው፣ የፀጉር ያህል ቀጭን መስመር አየሁ።

ይህን ያየ ሌላ ሰው ጎረቤት ይጠራል። እኔ በሩን ዘግቼ ልስን አቦካሁ። በዚያው ቀን ሸፈንኩት። ከዚያም የሠራኋቸውን ቤቶች እየዞርኩ፣ "ግድግዳውን ላድስላችሁ፣ በነጻ ነው" እያልኩ ያገኘሁትን ስንጥቅ ሁሉ ደፈንኩ። ሰው መረቀኝ። ባለቤቴ ግን እጄ ላይ ያለውን ጭቃ አይታ፣ "አንተ ሰውዬ፣ የሠራኸው ግድግዳውን እንጂ መሬቱን አይደል፤ ምን ያሳፍርሃል?" አለችኝ። አንድ ከሰዓት በኋላ የራሴን ጓዳ ስለስን ኢንጂነሩ ከሥራ ሲመለስ አገኘኝ፤ ጫማውን አውልቆ፣ መሰላሉ ሥር ቆሞ ባልዲውን ያቀብለኝ ጀመር። እስክጨርስ አቀበለኝ።

በማግሥቱ እሑድ ነበር። በግቢው ድንጋዮቼ ላይ ተቀምጠን ሳለ ጠየቅኩት።

"ልጄ፣ እውነቱን ንገረኝ። ቦቴ በብዛት በመጣ በሦስተኛው በአራተኛው ቀን መሬቱ ይነቃነቃል። ቦቴ በሌለበት ሳምንት ጸጥ ይላል። ቆጥሬዋለሁ።"

ሳቀ። "አባባ፣ ሳይንቲስት ሆኑ እኮ!"

"ከሆንኩ ቆየሁ። ይልቅ መልስልኝ።"

ሳቁን ተወው። ከተቆለሉት ድንጋዮች ሁለት ጠፍጣፋ አነሣ፣ አንዱን በአንዱ ላይ ጫነና አዘነበላቸው። የላይኛው ከቦታው አልሄደም። "ከታች ድሮ የተሰነጠቀ አለት አለ፤ እንደዚህ ተጫጭኖ የተያዘ። ይዞት የሚኖረው ክብደቱ ነው። ውሃ በግፊት በመካከሉ ሲገባ ግን ጭነቱ ይቀልለታል፣ ሸርተት ይላል። በሌላ አገርም ሆኗል።" የላይኛውን ድንጋይ በጣቱ ጥቂት ብድግ ሲያደርገው ተንሸራቶ እግሬ ሥር ወደቀ።

እኔ ነገር በአንዴ ነው የሚገባኝ። "ታዲያ በቅሬ ፊት ምንም አይሠራም አላልክም?"

"ያን ጊዜ እዚህ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም፣ እውነቴን ነው።"

"አሁንስ?"

"ለአለቆቼ ጽፌያለሁ፤ ግፊቱን ይቀንሳሉ። ጥቂት ጊዜ ይስጡኝ አባባ። ቅሬው ፊት ቆሜ እኔው ራሴ እነግራቸዋለሁ። እስከዚያ ሰው አያስደንግጡ።"

ጊዜ ሰጠሁት። እንዲያውም ኮርቼ ነበር፤ በወረዳው ውስጥ ይህን ምሥጢር የምናውቅ እኔና እሱ ብቻ ነን ብዬ። ሁለት የቅሬ ስብሰባ አለፈ፣ አልተናገረም። እኔም በልስኔ ቀጠልኩ።

እየቆየ ግን እኔ ያልሠራኋቸው ቤቶችም ተሰነጠቁ፣ ሰውም አጉረመረመ። ድርጅቱ ቤቶቹን የሚያዩ ሰዎች ላከና በቀበሌው አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ። አለቃ የተባለው ሰው ከመድረኩ ተቀመጠ። ወረቀቱን ይዞ የተነሣው የእኔው ተከራይ ነበር። አሁን ቃሉን ሊፈጽም ነው ብዬ ወንበሬ ላይ ቀና አልኩ።

ንዝረቱ ከአፋር በኩል የሚመጣ የተፈጥሮ ነገር ነው ብሎ አነበበ። በእርግጥ በአፋር በኩል ምድር ስትናወጥ በሬዲዮ ሰምተናል፤ ለዚያ ነው ውሸቱ ያማረለት። ቀጠለ። "ቤቶቹ የተሰነጠቁት በአሠራር ጉድለት ነው። በተለይ በአንድ ግንበኛ በተሠሩ ቤቶች ላይ አዲስ ልስን ተገኝቷል። ይህም ጉድለቱ ቀድሞ የነበረና ሲደበቅ የኖረ መሆኑን ያሳያል።"

ቀና ብሎ አላየኝም። አዳራሹ ዞሮ አየኝ። ከኋላ አንድ ሰው፣ ባለ ወፍጮው ነው፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ "እንደ እሱ ግድግዳ ያጽናችሁ!" አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሐጂ ብቻ አልሳቁም፤ መሬት መሬት ያያሉ። ዋስ ሆኜ ያሳለፍኩት ውሃ ቤታቸውን ሰንጥቆታል፣ አሁን ደግሞ ጥፋቱ የእኔ ነው ተባለ። የቱን እንደሚያምኑ አያውቁም ነበር።

ቤት ስደርስ ኢንጂነሩ ሻንጣውን ያሰናዳል። በሩ ላይ ቆምኩበት።

"ለምን?"

"አባባ፣ እንጀራዬ ነው። ወረቀቱን አለቆቼ ጻፉት፣ እኔ አነበብኩት እንጂ።"

"ባልዲውንም አለቆችህ ናቸው ያቀበሉኝ?"

ልብስ ማጠፉን ቀጠለ። ባለቤቴ ከጓዳ ወጥታ ስታየው ልትሰናበተው የቆመች ይመስል እጇን በቀሚሷ ጠረገች፤ ከዚያ ነገሩ ገባት፣ ተመልሳ ገባች። ቁልፉን መስኮቱ ላይ ትቶ ሄደ።

ሦስት ቀን ከቤት አልወጣሁም። እንዲህ ያለ ውሸት ከሌላ ሰው ቢመጣ በሳቅኩበት ነበር። ይህ ልጅ ግን ድንጋዩን አዘንብሎ እውነቱን ያሳየኝ ሰው ነው። ሳያውቅ አልዋሸም። የእኔን ልስን ማስረጃ አድርጎ ያቀረበው ደግሞ ልስኑን አብሮኝ የለሰነው ነው። ይህን በሆዴ ሳመላልስ አንድ ሌላ ነገር አብሮ ይመጣብኛል። ስንጥቁን ትቼው ቢሆን ኖሮ፣ ትኩስ ስንጥቅ አቧራ ያልገባበት ንጹሕ መሆኑን ማንም ያይ ነበር። ያንን ማስረጃ በእጄ የቀበርኩት እኔ ነኝ።

በአራተኛው ቀን ሐጂን ጠራሁና መሮና መዶሻ ይዤ የእንግዳ መቀበያዬ ግድግዳ ፊት ቆምኩ። ልስኑን ፈልፍዬ አወረድኩት። ስንጥቁ ታየ፤ አሁን ጣት ያስገባል።

ሐጂ ለረጅም ጊዜ አዩት። "ይህን የደበቅከው ከጎረቤት ነው ወይስ ከአላህ?"

"ከራሴ ነው" አልኩ። ኢንጂነሩ በድንጋዮቹ ያሳየኝን፣ ጊዜ ስጠኝ ማለቱን፣ ዝም ማለቴን ሁሉ ነገርኳቸው።

"ዋስ ሆነህ ዝም አልክ?"

"ዝም አልኩ።"

ከተቀመጡበት ተነሡ። የሚሄዱ መስሎኝ ነበር። "በል" አሉ፣ "እሱን በቅሬ ፊት ትመልሳለህ። አሁን ግን መፍትሔውን ንገረኝ፤ መቼም አንተ አንድ ነገር ሳታስብ አትጠራኝም።"

አስቤ ነበር። ይህንንም ያስተማረኝ የለም። ጀሶ ሲደርቅ አይለጠጥም፣ ይሰበራል። በስንጥቁ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ እንደ ድልድይ ብትለጥፈው ግድግዳው ከተንቀሳቀሰ ለሁለት ይከፈላል፣ ካልተንቀሳቀሰ ይኖራል። የድሮ ጉድለት ከሆነ ቦቴ መጣ አልመጣ አይነካውም። በአሥራ አንድ ቤቶች ልስኑን አወረድን። ግማሾቹን የሠራኋቸው እኔ ነኝ፤ የሐጂ ቤት ግን የሌላ ግንበኛ ሥራ ነው፣ ነፍሱን ይማረውና ውሃ ልክ የማያውቅ ሰው ነበር። በየስንጥቁ ላይ ጀሶ ለጠፍኩ፣ ሐጂም በእርሳስ ቀኑን ጻፉበት። ባለ ወፍጮው በር ላይ ቆሞ፣ "አሁን ደግሞ ግድግዳ በፋሻ ማሰር ተጀመረ?" አለን። አሳለፍነው።

ሳምንት ሙሉ ቦቴ አልነበረም፤ ጀሶዎቹ ሁሉ ደኅና ነበሩ። ከዚያ ቦቴዎቹ በላይ በላዩ መጡ፤ ከመስጊዱ ደጃፍ ሆነን አየናቸው። በአራተኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ጉርምርምታው መጣ። ገና ሲያበቃ ከሐጂ ጋር መዞር ጀመርን።

የእኔ ቤት ጀሶ ተሰብሯል። የሐጂም ተሰብሯል። ሐጂ በየደጁ "አላሁ አክበር" እያሉ በያዙት ወረቀት ላይ በእርሳሳቸው ይጽፋሉ። አሥር ቤት፣ አሥሩም። እኔ በደስታ የሃያ ዓመት ጎረምሳ ሆኜ ቀድሜ እራመዳለሁ፣ እሳቸው በጉልበታቸው ምክንያት ከኋላ ቀርተዋል። የመጨረሻዋ በርበሬና ጨው የምትነግድ የአንዲት ባልቴት ቤት ነበረች። የሠራሁላት እኔ ነኝ። ገብቼ ጥጉን አየሁ።

ጀሶው አልተሰበረም። ጎንበስ ብዬ በጥፍሬ ዳሰስኩት፤ ሙሉ ነው።

ያን ጊዜ፣ ለሃያ ዓመት ያላሰብኩት ነገር ታወሰኝ። ይህን ጥግ ስመሠርት ቦታው ድሮ የአፈር ጉድጓድ የነበረ፣ በኋላ የተሞላ መሬት ነበር። እስከ አለቱ መቆፈር ነበረብኝ። ዝናቡ ደርሶ ነበር፣ ሌላ ትልቅ ሥራም ይጠብቀኝ ነበር። የእኔ ድንጋይ አያያዝ ይችለዋል ብዬ ተውኩት። ይህ ስንጥቅ ከቦቴው በፊት የነበረ ነው። የእኔ ነው።

ሐጂ ገና ከደጅ ውጭ ናቸው፣ ትንፋሻቸው ይሰማኛል። ባልቴቷ ጀርባዋን ሰጥታ በርበሬ ታሰጣለች። አውራ ጣቴ ጀሶው ላይ ነው። ጥቂት ብጫነው ይሰበር ነበር። አሥራ አንድ ከአሥራ አንድ ይሆን ነበር፣ ምርቃቴም ይመለስልኝ ነበር።

ባልቴቷ ዞረች። "ምነው አያ፣ ዝም አሉ?"

እጄን አነሣሁ። "ይህኛው ውሃው አይደለም። ይህኛው እኔ ነኝ። መሠረቱን በደንብ አላወረድኩትም።"

አፏን በነጠላዋ ያዘች። "ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት በዚህ ጥግ በርበሬዬን በእርጥበት የሚያበላሹብኝ እርስዎ ነዎት?"

ሐጂ ከበሩ ላይ ሰምተዋል። እርሳሱን ይዘው አዩኝ። "ልጻፈው?"

"ጻፈው።"

ቅሬው ሲሰበሰብ ሐጂ የጻፉበትን ወረቀት ያነበብኩት እኔ ነኝ፤ የባልቴቷንም ቤት ሳልዘልል። ዋስ ሆኜ ዝም ማለቴንም ተናገርኩ፣ ከዳኝነቱም ወረድኩ፤ ማንም ተቀመጥ አላለኝም። ከዚያ ባለ ወፍጮው ከኋላ ተነሣ። ሊያሾፍ ነው ብዬ ተዘጋጀሁ። "የወፍጮ ቤቴም ግድግዳ ይጻፍ" አለ። "እኔም ለስኜው ነው። ደንበኛ እንዳይሸሸኝ ብዬ።" ሌላ ሰው ተነሣ፣ እሱም ለስኖ ነበር። ከዚያ ሌላ።

ወረቀቱን ቅሬው ፈርሞ ወደ ወረዳ ወሰደው። መልስ እስካሁን አልመጣም። ቦቴዎቹ ግን ይመጣሉ።

የባልቴቷን ጥግ አፍርሼ እስከ አለቱ ቆፈርኩት። እንዲህ ያለ ጥግ በከተማው የለም፤ መጥቶ ማየት የፈለገ ይምጣ። በዚያ ሥራ ላይ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ። ድምፁን ወዲያው አወቅኩት።

"አባባ፣ ደኅና ነዎት? እማማስ?"

"ደኅና ናት።"

"ወረቀቱን አይቼዋለሁ። ያቺን አንዷን ቤት ለምን ጨመሩባት? አለቆቼ እሷን ብቻ ይዘው ነው የሚከራከሩት። ይኸው ግንበኛው ራሱ አምኗል እያሉ።"

ይህን እንደሚያደርጉ አላሰብኩም ነበር። ከኋላው ግርርር የሚል ድምፅ ይመጣል፤ ፓምፑ ነው። እዚያው ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቆሞ ነው የሚደውልልኝ፣ ከእኔ ቤት በእግር የሚደረስበት ቦታ።

"ቅሬው በየወሩ ይሰበሰባል" አልኩት። "እኔው ራሴ እነግራቸዋለሁ ብለኸኝ ነበር። ሐጂ በየወሩ፣ 'ያ ልጅ መጣ?' ብለው ይጠይቁኛል።"

ፓምፑ ብቻ ይሰማል። ጥቂት ጠበቅኩና ስልኩን ዘጋሁ። ቱንቢዬን በአዲሱ ጥግ ላይ አንጠለጠልኩና እስክትረጋ ቆምኩ። ነፋስ ባይኖርም የዚያን ዕለት ሳትረጋ ብዙ ቆየች።